እኔ የማልኩት፣ እማ ዘይነባ ያልማለችው

ይህን ነገር ከአንዲት ቤት በቀር እስከ ዛሬ የትም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ደፍቼ፣ ሁሉን ለሚያውቀው ጌታ እንኳ ነገሩን በስሙ ጠርቼ አልነገርኩትም። «ያለፈውን ኃጢአቴን ማረኝ» እያልኩ በጅምላ አልፌዋለሁ። በጅምላ መናዘዝ ደግሞ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው! እኔ በነጋዴ ቤት ነው ያደግኩት፤ ዛሬ በችርቻሮ ልናገር ነው። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። ሼኽም ሁን ቄስ፣ ወይም እንዲሁ ከሥራ ገብቶ አረፍ ያለ ሰው፣ ጆሮህን ብቻ ስጠኝ። እንዳታባብለኝ ግን አደራ።

ስሜ ጀማል ይባላል። ኮንጋ መቺ ነኝ፤ በእጅ የሚመቱትን እነዚያን ረጃጅም ከበሮዎች። ላቲን ጃዝ የሚሉትን ሙዚቃ እየተጫወትኩ ፈረንሳይ አገር ኖሬአለሁ፤ አልበምም አለኝ፤ ትንሽ ትንሽ ስሜም ይታወቃል። ታዲያ ጋዜጠኛ ሁሉ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ነገር ነው፦ «ልጅነትህና የሙዚቃ አጀማመርህ ምን ይመስል ነበር?» መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ጅቡቲ ተወልጄ አደግኩ እላለሁ፤ አባቴ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጭነት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ምት ያስተማረኝ የድሬዳዋው ባቡር ሐዲድ ላይ ሲንኳኳ የሚያሰማው ድምፅ ነው እላለሁ። ደስ ይላቸዋል! አንዱማ እዚያው ጣቢያ በር ላይ ገትሮኝ፣ ፀሐዩ አናቴን እየበሳው፣ ወደ ሩቅ ተመልከት እያለ ፎቶ አንስቶኛል።

ውሸት ነው። ባቡሩ ምንም አላስተማረኝም። እኔ ልጅ ሳለሁ ባቡሩ ከሚመጣበት ቀን የሚቀርበት ቀን ይበልጥ ነበር። ምት ያስተማረችኝ ነዒማ ናት።

ነዒማ ማን ናት? እህቴ ናት። አየህ፣ ይህችን ሁለት ቃል ለመጻፍ ስንት ዓመት ፈጀብኝ! እህቴ ናት፣ እህቴ አይደለችም ብዬ የካድኳት እኔ ነኝ፣ ኃጢአቴም እሱ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ልነሳ።

እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች። አባቴ ወሬ የማያበዛ፣ ከጣቢያው ሌላ ዓለም የማያውቅ ሰው ነበር። ካርትዬ ዱ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ግቢ የምንጋራቸው ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ፤ ጨርቅ ነጋዴ። ሚስታቸው እማ ዘይነባ ነዒማን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ሳለቅስ ሰማችና መጥታ ካያቴ እቅፍ ወሰደችኝ። አንዱን ጡት ለነዒማ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችን። እንዲህ ሆኜ አደግኩ።

በእኛ ዘንድ ካንድ ጡት የጠቡ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው። የሥጋ ያህል ነው። አይጋቡም፤ እሷ ጸጉሯን ከእሱ አትሸፍንም፤ ካገር አገር ብትሄድ አብሯት መሄድ የሚችል መሕረሟ እሱ ነው። ግን ደንብ አለው። ልጁ ቢያንስ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ዝምድናው አይቆምም። ይህችን ደንብ ቁርአን ቤት ተምረናታል፤ ነዒማ ወዲያው ረሳቻት፣ እኔ ግን ያዝኳት።

ፒያኖው እንዴት ወደ ግቢያችን እንደገባ ልንገርህ። ፊት ለፊታችን የሚኖር ፈረንሳዊ አስተማሪ ነበረ። አገሩ ሲመለስ ፒያኖውን የሚጭንበት መርከብ አጣና ሐጂ ዩሱፍ ቤት አስቀምጦት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሐጂ ለጌጥ ነው የተቀበሉት፤ ጥልፍ አልብሰው የአበባ ማስቀመጫ አኖሩበት። ነዒማ ጥልፉን ገልጣ ነካካችው። የባሕሩ አየር ጨው ነው፤ ብረት ይበላል። መሐል ላይ አንዷ ቁልፍ ሞታ ነበር፤ ስትጫናት ትወርዳለች እንጂ ድምፅ የላትም።

ፎቃችን ላይ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሠራ ኩባዊ ዶክተር ተከራይቶ ይኖር ነበር። አገሩ ናፍቆት የሚሆነውን የሚያሳጣው ሰው! ጁምዓ ጁምዓ በሩን ወለል አድርጎ የአገሩን ሙዚቃ ይለቃል። አንድ ቀን ከታች ነዒማ ተከትላው ስትመታ ሰማና በሽርጡ ወረደ። የተሰበረ መጥረጊያ እንጨት ቆርጦ ሁለት አድርጎ፣ እያጋጨ አሳየን። ሁሉም ነገር የሚንጠለጠለው በዚህ ምት ላይ ነው አለን፤ ባይሰማ እንኳ ሁሉም ሰው ሆዱ ውስጥ ይዞት ነው የሚጫወተው። ነዒማ ወዲያው ያዘችው። ልብስ ስታጥብ በሱ ታጥባለች፤ ደረጃ ስትወጣ በሱ ትወጣለች። እኔ ግን አልገባ አለኝ፤ እቸኩላለሁ። እጄን ይዛ ጀርባዬ ላይ እየመታች፣ «ቀስ በል ጀማሌ፣ ማን አባረረህ?» እያለች አስተማረችኝ። ወላሂ፣ ዛሬ ፈረንጁ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» የሚልለት እጅ፣ በእሷ ጣት የተገራ እጅ ነው።

የሞተችዋን ቁልፍ ምን እንዳደረገቻት ታውቃለህ? ዘለለቻት። ግራ እጇ ሄዶ ሄዶ እዚያች ላይ ሲደርስ ዘለል ብሎ ያልፍና ወዲያ ማዶ ያርፋል። ቀዳዳ ያለበት ዜማ ሆነ፤ ሰው ሲሰማው ያችን የጎደለች ድምፅ ራሱ በልቡ ይሞላታል። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ይህንንም ያዝልኝ።

ስናድግ አንድ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ጁምዓ ከሰዓት በኋላ መጫወት ጀመርን። የነጋዴ ልጅ፣ ያውም የሐጂ ልጅ፣ ሆቴል ገብታ ፒያኖ ትምታ? ጎረቤቱ አጉረመረመ። ሐጂ ዩሱፍ ግን፣ «ወንድሟ አጠገቧ አለ፤ ምን ነውር አለው?» ብለው አፉን አስያዙት። ሻሿን አጥብቃ አስራ ትቀመጣለች፤ እኔ ከጎኗ። ሰው ግን የሚመጣው ለሷ ነበር። ይህን መቼ ነው ያወቅኩት? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ስትጨርስ ያጨበጭባሉ፤ እኔም በጥርሴ እየሳቅኩ አጨበጭባለሁ፤ ለሷ ስንቱ፣ ለእኔ ስንቱ እንዳጨበጨበ እየቆጠርኩ። ቅናት ነው ስሙ። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ጊዜ ከፈረንሳዩ ከተማ ከማርሴይ የመጣ የባንድ መሪ እዚያ ሆቴል አረፈ። ላቲን ጃዝ የሚጫወት ትልቅ ባንድ ነበረው። ነዒማ ያችን ቀዳዳ ያላትን ዜማ ስትጀምር ሹካውን አስቀመጠ፤ ስትጨርስ ቆሞ ነበር። መጥቶ ማርሴይ ነይ አላት፤ አንድ ወቅት ሙሉ ከኛ ጋር ተጫወቺ፣ ከዚያም አልበም እንሠራለን። ሐጂን ማስፈቀድ እንዳለበትና ብቻዋን እንደማትሄድ ሲነገረው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንድሟም ይምጣ እንጂ! ሻንጣ ይይዝላታል» አለ።

ቀልድ ነው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ነዒማም ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። መሳቋ ሳይሆን መዋጧ ነው የገደለኝ። አዘነችልኝ ማለት ነው! ምናለ እሷም እንደ ሰዉ ስቃ ብታልፈው ኖሮ? አየህ፣ አሁንም ወደሷ ላላክክ ስል ነው። ይቅር።

ሐጂ ዩሱፍ ፈቀዱ። የፈቀዱት እኔ ስላለሁ ነው። ቤቱ በደስታ ታመሰ፤ እማ ዘይነባ ለነዒማ ሹራብ ትገዛለች፣ ለእኔም ትገዛለች። «እህትህን አደራ፤ ብርድ አያስመታት» ትለኛለች። እኔ አፌን ሞልቼ «እሺ እማ» እላለሁ። እሺ እያልኩ ግን ውስጥ ውስጡን ነገር እያብሰለሰልኩ ነበር። እሷ ለፒያኖው ልትሄድ ነው፤ እኔ ለሻንጣው። እሷ ስትጫወት ጥግ ላይ ካፖርት ታቅፌ ልቀመጥ ነው። እኔስ ሰው አይደለሁም? እኔስ አልጫወትም?

አያቴ በዚያ ዓመት ነበር ድሬዳዋ ያረፉት። ከመሞታቸው በፊት ሄጄ ጠይቄአቸው ነበር፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ልጅነቴ አጫውተውኛል። «አንተን ሰው ያደረገህ የዘይነባ ጡት ነው፤ እኔ ለጥቂት ጊዜ ወደዚህ የወሰድኩህ ጡት ካስጣለችህ በኋላ ነው» ብለውኛል፤ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ሌላ የሰማ የለም። አባቴም ሞቷል፤ ሐጂም ያን ጊዜ ለጨርቅ ንግድ አገር ላገር ሲዞሩ ቤት አልነበሩም። እማ ዘይነባ ደግሞ በአራስነቷ ወባ ጥሏት እንደነበር፣ ያንን ጊዜ እንደ ሕልም እንጂ በቅጡ እንደማታስታውሰው ራሷ ደጋግማ ትናገር ነበር። ይህን ሁሉ ገጣጠምኩት። ዲያብሎስ አሳሳተኝ ልበል? ዲያብሎስ የት ያውቃል የእማ ዘይነባን ወባ! እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ አእምሮዬ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ዩሱፍ ሱቅ ሄድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «አባ ሐጂ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው» አልኳቸው። «አያቴ ሲሞቱ አደራ ብለውኛል። እማ ዘይነባ አሟት ስለነበር ሁለቴ ወይ ሦስቴ ብቻ ነው ያጠባችህ፤ ከዚያ እኔ ወስጄህ በፍየል ወተት ነው ያደግከው ብለውኛል። ነዒማን ይዤ ብሄድ ሐራም እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።»

ሐጂ ሲያጥፉት የነበረው ጨርቅ ከእጃቸው ወረደ። ከዚያ ተነስተው ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ግንባሬን ሳሙኝ። «አላህን የምትፈራ ልጅ ነህ» አሉኝ። ያ አላህ! ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ያ የሳሙኝ ቦታ፣ በየሶላቱ ምንጣፍ ላይ የማሳርፈው ቦታ ነው።

ሼኹ ተጠሩ። ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን፤ እማ ዘይነባ መጋረጃው አጠገብ፣ ነዒማ ከመጋረጃው ኋላ። እማ ዘይነባ መጀመሪያ ሳቀች፤ የምራችን አልመሰላትም። «እኔ አይደለሁም እንዴ ያጠባሁት? ይኸው ነዒማ በቀኝ፣ ይኸው እሱ በግራ!» አለች። ሼኹ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ቀስ ብለው፣ «አምስት ጊዜ ጠግቦ ለመጥባቱ ትምያለሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«ማን ይቆጥራል ሼኽ? ልጅ ሲያለቅስ ይሰጠዋል እንጂ ይቆጠራል?»

«ታመሽ ነበር ይባላል።»

«ታምሜ ነበር። ግን አጥብቼዋለሁ። ብዙ ነው ያጠባሁት።»

«ትምያለሽ?»

እማ ዘይነባ እጇን አየች። ፊደል ያልቆጠረች፣ አንዲት ሶላት ግን ያላሳለፈች ሴት ናት። በአላህ ስም ቀልዳ አታውቅም፤ ገበያ ውስጥ እንኳ ስትከራከር ወላሂ አትልም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያንን የትኩሳት ጊዜ ወደኋላ ሄዳ እየፈለገች ነበር። በመጨረሻ፣ «ብዙ ነው። ልቤ ያውቃል። በቁጥር ግን ጌታዬን ምስክር አልጠራም» አለች።

ከዚያ ሼኹ ወደ እኔ ዞሩ። አያትህ እንዲህ ማለታቸውን ትምላለህ? አሉኝ። እሷ እውነቷን ይዛ መማል ፈራች። እኔ ውሸቴን ይዤ እጄን ቁርአን ላይ ጫንኩ። ማልኩ። እኔ ማልኩ። ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

ሼኹ ፈረዱ፦ ጥርጣሬ ስላለ ጥንቃቄ ይደረግ። ሁለቱ ለጥንቃቄ አይጋቡ፤ ለጥንቃቄም እንደ እህትና ወንድም አይሁኑ። ባንድ ቃል ሁለቱንም በር ዘጉብን፤ እኔ ባቀበልኳቸው ቁልፍ ነው የዘጉት። ሼኹ ሲወጡ ነዒማ ከመጋረጃው ኋላ ወጣች፤ አንገቷ ላይ ወርዶ የነበረውን ሻሽ ወደ ላይ ስባ ጸጉሯን ሸፈነች። ከእኔ! አብረን ተላጭተን፣ ቅማል ስንለቃቀም ካደግነው ከእኔ ሸፈነች። አላለቀሰችም። ፒያኖው ላይ ጥልፉን መልሳ አለበሰችውና ወደ ጓዳ ገባች።

እማ ዘይነባ ሰው ሲበተን በሩ ላይ ያዘችኝ። «ጀማል፣ እኔ ልርሳ፤ አንተ ነህ የጠባኸው፣ ሆድህ አያስታውስህም?» አለችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት? «ሼኹ የፈረዱት ነው እንግዲህ» አልኳት። አይ እኔ!

ለባንዱ መሪ ቤተሰቧ ከለከላት ብዬ ነገርኩት። አዘነ፣ ተናደደ፣ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝ። ቦታውን ባዶ ከሚተወው ይሻላል ብሎ መሰለኝ፣ ይዞኝ ሄደ። የሙዚቃ ሕይወቴ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባቡር የለበትም።

ስም ያወጣልኝ ዜማ የትኛው እንደሆነ አሁን ገምተህ ይሆናል። አዎ፣ ያቺው ናት፤ ቀዳዳ ያላት። ማርሴይ ስቱዲዮ ገብቼ ለፒያኒስቱ በጉሮሮዬ እያንጎራጎርኩ አስጠናሁት። ደህና ፒያኖ ነበር፤ ሁሉም ቁልፍ የሚጮህ። እሱ የጎደለችዋን ሊሞላ ሲል እኔ «ተው፣ እሷን አትንካ» አልኩት። ያች የጎደለች ድምፅ ከየት መጣች? ሲሉኝ አሁንም ባቡሩን እጠራለሁ፤ ሐዲዱ የሚቆራረጥበት ክፍተት ናት እላለሁ። አቤት ውሸት! ነዒማን ከእህትነቷ አወጣኋት፤ ከዜማዋም አወጣኋት።

ሳላመካኝ የኖርኩ አይምሰልህ። እዚያ ብትሄድ ብርዱን አትችለውም ነበር ብያለሁ። ያገባችው ሰው ደህና ሰው ነው፣ ልጆች ወልዳለች፣ የአባቷን ሱቅ ይዛለች፣ ምን ጎደላት ብያለሁ። ልጅ ነበርኩ ብያለሁ። ልጅስ አልነበርኩም፤ ጺም ነበረኝ።

እማ ዘይነባ በየዒዱ ትደውልልኝ ነበር። ሐጂ ዩሱፍ ካረፉ በኋላም ነዒማ ዘንድ አርሂባ ሰፈር ገብታ፣ በልጅ ልጆቿ ስልክ ትደውላለች። «ልጄ» ብላ ትጀምርና ቆም ትላለች፤ ከዚያ፣ «ጀማል» ብላ ታርመዋለች። እሷ ናት የምትታረመው! አላህን ፈርታ፣ ልጄ ለማለት የማትችለውን ልጇን በስሙ ትጠራዋለች። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ እርጅና ሲጫናት ነገሩ ባሰባት፤ የመጣውን ሁሉ ሴት «ያኔ አይተሽኛል? ሳጠባው አይተሽኛል?» እያለች ትጠይቅ ነበር። የነበሩት ሞተው አልቀዋል። ራሷን ተጠራጥራ ኖረች። እኔ አንዴ ስልክ አንስቼ «አጥብተሽኛል፤ አያቴ ነግረውኛል» ብላት ያበቃ ነበር። አንድ ስልክ! እሱን ነፈግኳት።

ባለፈው ዓመት የወንድሟ ልጅ ሙሳ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ አክስቴ አርፋለች፣ አለኝ። ያን ሰሞን ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩና ስትቀበር ደረስኩ። ሙሳ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ኮንቴይነር ጭኖ እየመጣ ሳለ ነው የሰማው፤ የሞተር ዘይት ያለበትን እጁን እንኳ በቅጡ ሳያጸዳ ነው መቃብሩ ላይ የቆመው። ለሴት እንደሚደረገው ጉድጓዱ ላይ አንሶላ ወጠሩ። ሼኹ፣ የድሮው ሼኽ አይደሉም፣ ወጣት ናቸው፣ «መሕረም የሆነ ይውረድ» አሉ። የልጅ ልጆቿ ሴቶች ናቸው፤ የነዒማ ባል ደግሞ አገር ውስጥ አልነበረም።

ወንድ ልጅ አልነበራትም። ማለት፣ ነበራት። እዚያው ቆሞ ነበር፤ ጥሩ ጫማ አድርጎ።

ሁሉም ተያዩ። እኔ እግሬን አየሁ። አንድ እርምጃ ወደፊት ብሄድ፣ «ልጇ እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ ነበር» ብል፣ እናቴን በእጄ አውርጄ፣ በጎኗ አስተኝቼ፣ ፊቷን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዞር ነበር። አልሄድኩም። ሙሳ ወረደ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያያት የወንድሟ ልጅ ተቀብሎ አስተኛት፤ እኔ ከላይ አፈር አቀበልኩ። አጠገቤ ያሉ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ሕጉን ጠብቀህ ወደ ኋላ ማለትህ ተመችቶኛል» አሉኝ። እንደገና ተመሰገንኩ! ያን ጊዜ ነው ውስጤ አንድ ነገር የተበጠሰው።

በሦስተኛው ቀን አርሂባ ሄድኩ። ለቀስተኛው ቀለል ብሎ ነበር፤ የጫት ሰዓት ስለሆነ ወንዱ ተበትኗል። ነዒማ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ባዕድ ስለሆንኩ ብቻችንን እንዳንሆን ኤዶ አሻ የሚሏቸው ሶማሊ ጎረቤቷ ሳሎን ውስጥ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ጥግ ላይ ፒያኖውን አየሁት። ክዳኑ ላይ ጣቃ ጣቃ ጨርቅ ተከምሮበታል፤ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል።

ተናገርኩ። ለመጋረጃው ነው የተናገርኩት። አያቴ ያሉኝን፣ የዋሸሁትን፣ የማልኩትን፣ ሻንጣ ይይዛል የተባለውን፣ ዜማዋን፣ መቃብሩ ላይ መቆሜን፤ ምንም አላስቀረሁም። ኤዶ አሻ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ የለም። እሷ እንደምትዘላት ቁልፍ ነው ጸጥታው። ጨርሼ ዝም ስል ኤዶ አሻ ምንም ሳይሉኝ ተነሱና ወጡ፤ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። መውጣታቸው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

መጋረጃው ተገለጠ። ነዒማ ወጣች። ሻሿ እጇ ላይ ነበር። ጸጉሯን አየሁት፤ ሸብቷል። የእማ ዘይነባ ጸጉር ነው፤ ግንባሯ ላይ እንደሷው ይጠቀለላል። እንባዬ መጣ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ብዙ አየችኝ።

«እማ አልዋሸችም» አለች።

«አልዋሸችም።»

«አልረሳችምም።»

«አልረሳችም።»

«እንግዲህ ወንድሜ ነህ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ይቅር ግን አላልኩህም። የኔን ይቅር ብልህ እንኳ የእማን የማን አፍ ይልልሃል?»

ያን ጥያቄዋን እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ ልለምንህ አይደለም። አንተ ይቅር ብትለኝ ምን ታደርግልኛለህ? የእማ ዘይነባን አፍ አትከፍትልኝም። ጋዜጠኛ ከመጣ ግን፣ ባቡሩን ተወው በለው። ምቱንም ዜማውንም ያመጣችው ነዒማ የምትባል የዘይነባ ልጅ ናት፤ እኔ ሌላው የዘይነባ ልጅ፣ የሰረቅኳት ነኝ።

ያን ቀን ለመሄድ ስነሳ ነዒማ ልትሸኘኝ ተከተለችኝ። እጄን አልጨበጠችኝም፤ እኔም አልዘረጋሁም። ኮሪደሩን ጸጉሯን እንደገለጠች አብራኝ ሄደች። ውጪው በር ጋ ስንደርስ፣ ከመክፈቴ በፊት ሻሿን አነሳችና አሰረች፤ ለእኔ ሳይሆን ለመንገደኛው ነበር።